ከዓይን ጋዲ እስከ ደጃፋችን

በዚህ ጋዜጣ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ቤት ብድር ብዙ ይጻፋል፤ ይገባልም። ዛሬ ግን፣ ውድ አንባብያን ከፈቀዳችሁልኝ፣ ስለ አንዲት ቀይ አበባ ያላት ቁጥቋጦና ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ እጽፋለሁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ቢሆንም በእኛ ሕንጻ ጎረቤትን ከጎረቤት ያኳረፈ፣ እናቴንም በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያናገረ ነገር ነው።

የምንኖረው በደቡብ ባለች አንዲት ከተማ፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሽኩን ውስጥ ነው። ከመግቢያው በስተቀኝ፣ የደብዳቤ ሣጥኖቹን አለፍ ብሎ፣ ስምንት እርምጃ የሚረዝም አምስት እርምጃ የሚሰፋ መሬት ነበር። በ1996 ወደዚህ ቤት ስንገባ በመሬቱ ላይ ያገኘነው የሲጋራ ቁራጭ፣ አንድ የተሰበረ ወንበርና አንድ የደረቀ የሎሚ ግንድ ነው።

እናቴ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣች ናት። በስሜን ገብስ ስታርም፣ ሸክላ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። እዚህ መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎ ካራቫን፣ በመጨረሻም በማሽካንታ የተገዛ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ገባች። ካራቫኑ ብዙ ነገር ይጎድለው ነበር፤ ነገር ግን በሩን ሲከፍቱት መሬት ይረገጣል። አራተኛ ፎቅ ላይ መሬት የለም። እናቴ ይህን በአፏ አልተናገረችም። እኛ የገባን ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ሁሉ ወርዳ ያንን የተጣለ መሬት ስትጠርግ አይተን ነው።

ምድር ቤት በ1950ዎቹ ከሞሮኮ የመጡ አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። በመስኮታቸው ሥር፣ በግማሽ በርሜል የተተከለች ቀይ አበባ የምታወጣ ቁጥቋጦ ነበረቻቸው። እናቴ ዕብራይስጥ አታውቅም፤ እርሳቸውም ከዕብራይስጥ ይልቅ ዓረብኛው ይቀናቸዋል። እናቴ «እትዬ» ትላቸዋለች፣ እርሳቸው «ቢንቲ» ይሏታል፤ ልጄ ማለት ነው። ከዚህ ያለፈ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። አንድ ቀን እናቴ መሬቱን ስትጠርግ አዩና በወጥ ቤት ቢላዋ ከቁጥቋጦዋ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው ሰጧት። ከዚያም ጣታቸውን አፈር ውስጥ ሰክተው አሳዩዋት፤ ይኸውም «እንዲህ አድርገሽ ትከዪ» ማለታቸው ነው። ለገበሬ ይህ መች ማስረዳት ያስፈልገው ነበር። እናቴ ግን ያንን ጣት እስከ ዛሬ ታነሣዋለች። አሮጊቷ በ2009 ዐረፉ፤ ልጆቻቸው ቤቱን ሸጡት፤ በርሜሉም ከነተክሉ ተጣለ። በደጃፋችን ያለችው የእናቴ ቁጥቋጦ ብቻ ቀረች።

የቁጥቋጦዋ ስም ማልቫቪስኩስ ይባላል። የሂቢስኩስ ዘመድ ናት፤ ጥጥና ባሚያም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ካደገች ከሰው ቁመት ትበልጣለች። አበባዋ ደማቅ ቀይ ሆኖ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው፤ ነገር ግን እንደ ሂቢስኩስ አይፈነዳም። እንደ ተጠቀለለ ጃንጥላ ተጠቅልሎ ይኖራል፤ ከጫፉ አንዲት ክር ብቻ ብቅ ትላለች፤ በዚሁ ሁኔታም ረግፎ ይወድቃል። የሕንጻው ልጆች «መቼ ነው የሚከፈተው?» እያሉ ለብዙ ጊዜ ጠበቁ። እናቴ «ዓይነ አፋር» ብላ ስም አወጣችላት፤ እኛ ቤት እስከ ዛሬ የምትጠራው በዚሁ ስም ነው።

የዓይነ አፋር አገሯ ሜክሲኮና ከሜክሲኮ በስተደቡብ ያሉት ሞቃት አገሮች ናቸው። እዚያ አበባዋ የሚጠብቀው እንግዳ በዕብራይስጥ ኮሊብሪ የሚባለውን ወፍ ነው። የኮሊብሪ ወገን ከሦስት መቶ በላይ ዓይነት አለው፤ ሁሉም የሚገኙት በአሜሪካ አህጉር ብቻ ነው። በአፍሪካም፣ በእስያም፣ በአውሮፓም አንድ እንኳ የለም። ኮሊብሪ አበባ ላይ አያርፍም። አየር ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ቆሞ ረጅም ምንቃሩን ያስገባና ወለላውን ይልሳል። በበጋ በምሥራቅ አሜሪካ የሚታየው አንገተ ቀዩ ኮሊብሪ ክብደቱ ሦስት ግራም ያህል ብቻ ሲሆን ክንፉን በአንድ ሰኮንድ ሃምሳ ጊዜ ያህል ያርገበግባል።

ይህ አበባ ለምን ቀይ ሆነ፣ ለምንስ ተጠቀለለ ቢባል ምክንያት አለው። ወፍ ቀይን አጥርቶ ያያል፤ ለንብ ግን ቀይን መለየት ያዳግታታል። ወለላው ከጥቅሉ ሥር ስለ ተቀመጠ አጭር ምላስ አይደርስበትም። ሽታም የለውም፤ ወፍ አበባን በሽታ አይፈልግምና። በአጭሩ ይህች ቁጥቋጦ ቤቷን የሠራችው ለአንድ ዓይነት እንግዳ ነው። ያ እንግዳ ደግሞ ወደ እኛ ከተማ አይመጣም።

ታዲያ ጠዋት ጠዋት ጭልጥ አድርጎ የሚጠጣው ማን ነው? ጎረቤቶቻችን «ዮኔክ ድቫሽ ነው» ይላሉ፤ አንዳንዶቹም ኮሊብሪ ነው ብለው ይከራከራሉ። ኮሊብሪ አይደለም። ትክክለኛ ስሟ ጹፊት ነው፤ ጹፍ ማለት የአበባ ወለላ ማለት ነውና። ሰባት ግራም ያህል ትመዝናለች። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ በደረቱ ግራና ቀኝ ብርቱካንማ ላባ ደብቋል። ሴቷ አመድማ ናት። ምንቃራቸው ቀጭንና ቆልመም ያለ ነው። ከኮሊብሪ የምትለየው በዋናው ነገር ነው፤ ይኸውም አየር ላይ ለጥቂት ጊዜ ብትቆምም ደስ የሚላት አርፋ መብላት ነው። በዓይነ አፋር ላይ ስትመጣ ቅርንጫፉን ጨብጣ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ፣ አንገቷን አጣማ ነው የምትጠጣው። አንዳንዴም ትዕግሥቷ ሲያልቅ አበባውን ከሥሩ በስታ ትመጠዋለች። እናቴ ይህን አትወድላትም፤ «በበር ግቢ!» ትላታለች።

ጹፊት ራሷ የዚህ ከተማ ተወላጅ አይደለችም። በሳይንስ ስሟ የተመዘገበው በ1856 ነው። በዚያ ዘመንና እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ ኑሮዋ በዮርዳኖስ ሸለቆና በሙት ባሕር ዳርቻ ባለው ሞቃት ቆላ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በኋላ በየሞሻቩ፣ በየኪቡጹና በየከተማው ሰዎች አትክልት ተከሉ፤ ከአፍሪካና ከአሜሪካ የመጣ ቀይ አበባ ዓመቱን ሙሉ በየደጁ ማበብ ጀመረ። ጹፊት ከአበባ ወደ አበባ እያለች ቆላውን ለቃ ወጣች። ዛሬ ከገሊላ እስከ ኤይላት፣ በሰው ሰገነት ላይ ሳይቀር ትገኛለች። ይህን ሳነብ ለእናቴ ነገርኳትና ከእኛ ታሪክ ጋር ላመሳስለው ሞከርኩ። ሳቀችብኝ። «እሷን ማን ካራቫን አስገባት?» አለችኝ።

ቢሆንም ነገሩ በልቧ ቀርቶ ኖሮ፣ «የወፏን አገር አሳየኝ» አለችኝ። ስለዚህ በመጋቢት 2022፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ወደ ዓይን ጋዲ ወሰድኳት። ዓይን ጋዲን ሁላችሁም በስሙ ታውቁታላችሁ፤ ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ የተደበቀበት ዋሻ ያለበት አገር ነው። ከኢየሩሳሌም አውቶቡስ ይዘን ቁልቁል ወረድን። ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩ ይከብዳል፣ ተራራው ራቁቱን ይቀራል፤ መንገዱም ከባሕር ወለል በታች 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እናቴ በመስኮት ስታይ ቆየችና «ይህማ ወደ ተከዜ መውረድ ነው» አለች። የስሜን ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከደጋው ብርድ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ሲወርድ ጋቢው ይወልቃል፣ ዛፉም ይለወጣል።

በናሐል ዳዊት መግቢያ ትኬታችንን ቆርጠን መንገዱን እንደ ያዝን እናቴ ቆመች። ድንጋይ ላይ የቆመ ቀንዳም ፍየል አየች። «ዋልያ!» አለች። በዕብራይስጥ ያዔል ይሉታል። የስሜን ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች በቀር የትም የለም፤ ይህ ግን የቅርብ ዘመዱ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱን ያስጎበኘሁት እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት። ሽኮኮው በድንጋዩ መሐል ይሯሯጣል። ግራሩ ግራር ነው። እሾሃሙ ዛፍ ቁርቁራ ነው። ሰፋፊ ቅጠል ያለውን፣ እንደ ኳስ የተነፋ አረንጓዴ ፍሬ የያዘውን ስታይ ደግሞ እጄን ያዘችና «ጦቢያ! እንዳትነካው፣ ወተቱ ዓይን ያጠፋል» አለችኝ። አጠገባችን የነበሩ ተማሪዎች መምህራቸው ስለዚሁ ተክል ሲነግሯቸው ነበር፤ የመምህሩም ምክር ከእናቴ ምክር የተለየ አልነበረም።

ይህ መመሳሰል እንዲያው የመጣ አይደለም። ከሶርያ የሚጀምረው ታላቁ ስምጥ ሸለቆ በዮርዳኖስና በሙት ባሕር አድርጎ፣ ቀይ ባሕርን ተከትሎ፣ ኢትዮጵያን ለሁለት ሰንጥቆ እስከ ሞዛምቢክ ይዘልቃል። የቆላው ዛፍና የቆላው ወፍ ይህንኑ እንደ መንገድ ተጠቅመው እስከ ዓይን ጋዲ ደርሰዋል። ጹፊትም የአፍሪካና የእስያ ወገን ናት፤ ዘመዶቿ በኢትዮጵያ ብዙ ናቸው።

ልናይ የመጣነውን ያገኘነው ከፏፏቴው ስንመለስ ነው። አንድ ግራር ላይ ተቀጽላ ወጥቶበት ነበር። በዕብራይስጥ ሐርኑግ ይባላል። በአገራችን እንደምናውቀው ተቀጽላ የራሱ ሥር በመሬት የለውም፤ በሌላ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ይህኛው አበባው ቀይና ቀጭን ነው። በቆላው ሌላ አበባ በሚጠፋበት ጊዜ ጹፊትን የሚያኖራት አንዱ እሱ ነው፤ እሷም በበኩሏ ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ ታደርስለታለች። ፍሬውን ደግሞ ቡልቡልና ሌሎች ወፎች በልተው ዘሩን በሌላ ግራር ላይ ይጥሉለታል። ጥላ ሥር ተቀምጠን ብዙ አልቆየንም፣ ወንዱ ጹፊት መጣ። ፀሐዩ ሲያገኘው እንደ መስተዋት አበራ። እናቴ ምንም አላለችም። ከቆይታ በኋላ በስሜን በእሬትና በራስ ክምር አበባ ላይ ትመጣ ስለ ነበረች ወፍ ነገረችኝ፤ የዚያኛው ወንድ ጅራቱ ረዘም ይላል፣ ቀለሙም ወደ ሐምራዊና ወደ ነሐስ ይሄዳል። በልጅነታቸው የራስ ክምሩን አበባ እየነቀሉ ከሥሩ ያለውን ጣፋጭ ይመጡ ነበር፤ «ከወፏ ጋር እየተሻማን» አለች። ያቺን ወፍ የሳይንስ ሰዎች በተከዜ ወንዝ ስም እንደሚጠሯትና ስሟ በዓለም የወፍ መጻሕፍት ሁሉ እንዲህ ተጽፎ እንደሚገኝ ስነግራት አላመነችኝም። አሁንም ያመነችኝ አይመስለኝም።

ከሸለቆው ወጥተን ኪቡጹን አየን። ቤቶቹ በአትክልት ቦታ ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ ከየአህጉሩ የመጣ ዛፍና አበባ አለበት። ከሸለቆው እስከዚያ ያለው ርቀት አጭር ነው። ጹፊት ከተቀጽላው ተነሥታ ወደ ባዕድ አበባ ለመድረስ ብዙ ክንፍ አላስፈለጋትም።

ቤት በተመለስን በአንድ ወር፣ ከፋሲካ በኋላ፣ በሕንጻው መግቢያ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቫዓድ ባይት ያንን መሬት በሲሚንቶ አስደፍኖ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው አስቧል፤ ነዋሪዎች ለስብሰባ ይምጡ ይላል። በዚያው ሳምንት እናቴ ቁጥቋጦዋ ውስጥ ጎጆ አገኘች። የጹፊት ጎጆ እንደ ትንሽ ከረጢት ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠል ነው፤ በሩ በጎኑ ነው፤ ከበሩም በላይ እንደ በረንዳ ጥላ አለው። የምትሠራው ሴቷ ብቻዋን ናት፤ ሣር፣ ደረቅ ቅጠልና ላባ በሸረሪት ድር እየሰፋች። በዚህኛው ጎጆ ግድግዳ ላይ ነጭ ነገር አየን። እናቴ ሰገነት ላይ ስትፈትል ከእንዝርቷ የሚተርፈው ጥጥ ነበር። ለካ ለሳምንታት ስታቀብላት የኖረችው እሷ ናት።

በስብሰባው ላይ እኔ ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር። ጹፊት በ1955 በወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ የምትጠበቅ ወፍ መሆኗን በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። ነገር ግን መኪና ማቆሚያውን አጥብቆ የጠየቀው የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ነበር፤ እግሩ የማይሄድ ልጅ አለው። ልጁን ከሩቅ መንገድ በዝናብ ተሸክሞ እንደሚያመጣው ሁላችንም እናያለን። እርሱ ሲናገር ወረቀቴን አጠፍኩት። ሌሎቹ ግን ጮኹ፤ አንዱ «ለቁጥቋጦ ስብሰባ?» አለ፣ ሌላው ድሮ አሮጊቷ በነበሩ ጊዜ ሕንጻው እንዴት ያምር እንደ ነበር አነሣ። በዚህ መሐል እናቴ እጇን አወጣች። የተናገረችውን እኔ ተረጎምኩ፦ «ልጁ ይቅደም። ወፏ ግን ልጆቿን እስክታወጣ ታገሡን፤ እኔም ቅርንጫፌን እስክቆርጥ።» ድምፅ ተሰጠ፤ እስከ በጋው መጨረሻ እንዲቆይ ተወሰነ።

ጹፊት ሁለት እንቁላል ጥላ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ታቀፈች፤ ከዚያ ወንዱም ሴቷም ለጫጩቶቹ ትንኝና ሸረሪት ሲያመላልሱ ከረሙ። ወለላው ለትልልቆቹ ነው፤ ጫጩት የሚያድገው በሥጋ ነው። በዚያ ወቅት የሕንጻው ልጆች ኳሳቸውን ወደ ሌላው ወገን ወሰዱ፤ ማን እንዳዘዛቸው አላውቅም።

ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። ይህች አበባዋ ወደ ታች የተንጠለጠለው ዓይነት ፍሬ አትይዝም ማለት ይቻላል። ዘር የላትም፤ ወፍ አይዘራትም፣ ነፋስ አይወስዳትም። ከሜክሲኮ ተነሥታ ሞሮኳዊቷ አሮጊት በርሜል ድረስ የመጣችው ሰው ለሰው ቅርንጫፍ እየቆረጠ ሲሰጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እናቴ ቁጥቋጦዋ ከመነቀሏ በፊት የምትችለውን ያህል ማትረፍ ነበረባት። እንዴት እንዳደረገች እነግራችኋለሁ፤ ለመትከል ለምትፈልጉም ይጠቅማችኋል።

ቅርንጫፉ ለጋም ያረጀም አይሁን፤ እርሳስ የሚያህል ውፍረትና አንድ ስንዝር ርዝመት ይኑረው። ከአንጓው ሥር በስለት ይቆረጥ። የታችኛው ቅጠል ይመልመል፣ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ይቅር። ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ። የዘይት ቆርቆሮ ይበቃል፤ ሥሩን በምስማር መብሳት እንዳትረሱ፣ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። አፈሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሉት። ጥላ ውስጥ አስቀምጡትና እርጥበቱ እንዳይለየው አድርጉ። በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አዲስ ቅጠል ካወጣ ይዟል ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ከፑሪም እስከ ሻቩዖት ነው፤ እናቴ ግን በበጋም ቆርጣ ተሳክቶላታል።

መሬት ላይ ሲተከል ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ራቅ ይበል፤ እየሰፋ ይሄዳልና። ግማሽ ቀን ፀሐይ ይበቃዋል። የመጀመሪያውን በጋ ውሃ አይጣ፤ ከዚያ በኋላ ይችላል። በኢየሩሳሌምና በሌላም ብርድ አገር ያላችሁ ወደ ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ሥር ትከሉት፤ ውርጭ ቅጠሉን ቢያቃጥለው እንኳ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ይመለሳል። ማዳበሪያ አታብዙ፤ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጣችሁም። የሚከረከመው በቱ ቢሽቫት ሰሞን ነው፤ አበባው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ይመጣል። ከዚያ በኋላ መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት ውስጡን እዩ፤ ጎጆ ሊኖር ይችላል። ነጭ ቅማል ቢይዘው በሳሙና ውሃ ይታጠባል እንጂ መርዝ አይረጭበት፤ ወፏ ተባዩን ለጫጩቶቿ ታበላለችና። አንዳንድ ሰዎች ስኳር ውሃ ይሰቅሉላታል። እኔ አልደግፈውም፤ አበባው ካለ ምን ያደርጋል?

ሠራተኞቹ በነሐሴ 2022 መጨረሻ መጡ። በግማሽ ቀን ሁሉም አለቀ። እናቴ በዚያን ቀን አልወረደችም። በደረጃው ላይ፣ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ሦስተኛ፣ ሃያ ሦስት ቆርቆሮ ተደርድሮ ነበር፤ ስድስቱ ደረቁ፣ አሥራ ሰባቱ ያዙ። ቆርቆሮዎቹን በመኪናው ጭኖ ወደ ዘመዶቻችን ቤት ያደረሳቸው ያው የሁለተኛ ፎቁ ጎረቤታችን ነው፤ አንዱንም ለልጁ መስኮት አስቀረ። አሁን አንዷ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ግቢ፣ ሁለቱ በጸሎት ቤታችን ጓሮ፣ ሌሎቹም በየሰው ደጃፍ አሉ። አንዷ የእናቴ ሰገነት ላይ ናት። ያንን መከር ወንዱ ጹፊት በየጠዋቱ እየመጣ ሲሚንቶው ላይ ይዞር ነበር፤ በኋላ ወደ ላይ መጥቶ የሰገነቱን ብረት ለመደ። ቁጥቋጦዋ በ2023 ፀደይ የመጀመሪያዋን አበባ ስታወጣ ከእኛ በፊት ያየው እሱ ነው።

ቅርንጫፍ የምትፈልጉ ጎረቤቶችና ዘመዶች ከፑሪም በኋላ ኑ። ስትመጡ ግን ቆርቆሯችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እናቴ ዘንድ የነበረው ሁሉ አልቋል።